የቀዳም ሥዑር ቀማሽ

ሽንኩርቱ ድምፁን ሲቀይር ፀዳለ ማማሰያውን አቆመች። ከጧት ጀምሮ ድስቱ ውስጥ ሲንሾካሾክ የቆየው ውሃ አልቋል፤ አሁን የሚሰማው ደረቅና የተቆራረጠ፣ ወረቀት ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ነው። ይህን ድምፅ ያልለመደ ሰው እዚህ ላይ ዘይት ይጨምራል። ቶሎ የገባ ዘይት ሽንኩርቱን ይጠብሰዋል እንጂ አያቀልጠውም፤ ከዚያ በኋላ ወጡ የቱንም ያህል እሳት ላይ ቢቆይ ሽንኩርቱ ለብቻው፣ መረቁ ለብቻው ይቀራል። እሷ ከማንቆርቆሪያው በማንኪያ ሙቅ ውሃ ቀድታ ጠብ አደረገችና እንደገና ማማሰል ጀመረች። ቀዝቃዛ ውሃ አይሆንም። የጋለ ቁሌት በቀዝቃዛ ውሃ ከደነገጠ ወጡ እስኪበላ ድረስ አይታረቅም።

ቀዳም ሥዑር ነበር። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም መልስ ያሰረችው ቄጤማ ግንባሯ ላይ መጠውለግ ጀምሯል። አክፍሎት ይዛለች፤ ከሐሙስ ማታ ወዲህ እህልም ውሃም በአፏ አልዞረም። ሆድ ባዶ ሲሆን ጆሮ ይሰላል። የከሰሉን መሰንጠቅ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ በፀሐይ መንጣጣት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ የሚመጣውን የተበጣጠሰ ዜማ ሁሉ ለየብቻ ትሰማዋለች። ሰፈሩ ራሱ ግን ፀጥ እያለ ነው። ጎህ ሲቀድ ከየግቢው ይጯጯሁ የነበሩት አውራ ዶሮዎች፣ አራጁ የኔሰው ከበር በር በዞረ ቁጥር አንድ በአንድ ዝም ብለዋል። ከታች ከወንዙ በኩል አንድ ብቻ ቀርቷል። እሱም ይጮሃል፤ ትንሽ ይጠብቃል፤ የሚመልስለት ሲያጣ ደግሞ ይጮሃል።

ይህ ወጥ እንደ ሌላው ዓመት ወጥ አልነበረም። ልጇ ሳምሪ ከጥቅምት ጀምሮ እናቷን ከዚህ ቤት አውጥታ አስኮ ወዳለው ኮንዶሚኒየሟ ልትወስድ ትጨቀጭቃለች። ምክንያት አላጣችም። ፀዳለ ምስር ጥዳ ለቅሶ ሄዳ፣ ጎረቤት ጭሱን አይቶ በር ሰብሮ ገብቷል። ሌላ ቀን ደግሞ ሽሮ ላይ በጨው ፈንታ ስኳር ጨመረች። ሳምሪ አንድ ጉርሻ ዋጠችና እናቷን ዝም ብላ አየቻት። ያቺ ዝምታ ከጭቅጭቁ ሁሉ ባሰች።

ፀዳለ መሄድ አትፈልግም። የማታውቀው ደረጃ ወጥታ፣ በማታውቀው ምድጃ ላይ፣ ልጇ ስትፈቅድላት ብቻ ሻይ የምታፈላ ሴት መሆን አትፈልግም። በመጨረሻ ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ ናት። የፋሲካውን ዶሮ ወጥ ማንም ሳያግዛት፣ ማንም ሳያስታውሳት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትሠራለች። ጨጓራዋ ስለሚያማት የማትጾመው ሳምሪ ቅዳሜ ከሰዓት መጥታ ትቀምሳለች። ወጡ ልክ ከሆነ የኮንዶሚኒየሙ ነገር ዳግም አይነሳም። ልክ ካልሆነ ፀዳለ ዕቃዋን ትሸክፋለች። ሳምሪ እየሳቀች ተስማማች። ፀዳለም ሳቀች። ሁለቱም ግን ቀልድ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር።

ዘይቱን ጨመረች፤ ቆይታ በርበሬውን። በርበሬ ከመግባቱ በፊት ከሰሉን አመድ አለበሰችው፤ ሌላው ስህተት ሁሉ መላ አለው፣ ለተቃጠለ በርበሬ ግን መላ የለውም። ጥሬነቱ እስኪለቀው ድረስ ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረገች፣ የድስቱን ጥግ ጥግ እየፋቀች አማሰለችው። ሳምሪ ሽንኩርቱን በማሽን ፍጪው ትላታለች። የተፈጨ ሽንኩርት ውሃውን ባንዴ ይለቅና ይመራል፤ በቢላ የተከተፈ ግን ያለውን ቀስ እያለ ይሰጣል። ይህን ማንም አልነገራትም። በትዳሯ መጀመሪያ ሁለት ሦስት የፋሲካ ወጥ አበላሽታ ነው ያወቀችው።

ሥጋውን በሎሚና በጨው ዘፍዝፋ፣ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ደጋግማ ስታጥበው አርፍዳለች። ጠንካራ ጠንካራውን አስቀድማ፣ ፍርምባውን ወደ ኋላ አስቀርታ ጨመረችው። አብሮ የገባ ፍርምባ፣ እግሩ እስኪበስል ድረስ እንደ ገመድ ይተረተራል። ነጭ ሽንኩርቱ ገባ፤ ዝንጅብሉ ገባ። ድስቱ ቀይና ከባድ ሆኖ፣ ከሥሩ ተነስቶ ላዩ ላይ ቀስ ብሎ በሚፈነዳ አረፋ መተንፈስ ጀመረ።

የቀረው ጨው ነበር። ወጥ ውሃው እየጎደለ በሄደ ቁጥር ጨዉ ስለሚበረታ፣ ሥጋውም ከተዘፈዘፈበት የራሱን ይዞ ስለሚመጣ፣ ፀዳለ ጨው የምትጨምረው በመጨረሻ ነው። በቡና ስኒ ለክታ ታስቀምጠዋለች፤ ከጨመረች በኋላ ስኒውን ደፍታ ታኖረዋለች። የተደፋ ስኒ ማለት ጨው ገብቷል ማለት ነው። ከስኳሩ ነገር ወዲህ ይህን ልማድ እንደ ጸሎት አጥብቃ ይዛለች።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። ሳምሪ ጦር ኃይሎች ደርሳለች፤ መንገዱ በበግና በሰው ተዘግቷል፤ ታክሲ ካላገኘች በእግሯ ትመጣለች። ስታወራ ቆየች፤ አክፍሎቱ ከብዷት እንደሆነ ጠየቀቻት፣ ራሷን አዙሯት እንደሆነም ጠየቀቻት። ፀዳለ ምንም አልሆንኩም እያለች፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ፣ እጇ ሥራ መፍታት ስለማይወድ ሳፋው ውስጥ ያለውን ዕቃ አጠበች። ስልኩ ተዘጋ። ወደ ድስቱ ዞረች። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞረች።

ስኒው ተደፍቷል። ሰሃኖቹም፣ ብርጭቆዎቹም፣ ጭልፋውም ተደፍተዋል። የታጠበ ዕቃ ሁሉ ይደፋል።

ፀዳለ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ባለችበት ቆመች። ጨዉን ጨምራ ስኒውን አጥባዋለች? ወይስ ጨው ገና ያልተለካበትን ባዶ ስኒ ከዕቃው ጋር አጥባዋለች? አልተጣደፈችም። የጨዉን ዕቃ ከፈተች፤ ጨዉ ወደ አንድ ጎን ተንሸራትቶ ነበር፣ ግን ሥጋውን ስትዘፈዝፍም ከዚሁ ነው የወሰደችው። ምድጃው ዙሪያ ጎንበስ ብላ የፈሰሰ ፍሬ ፈለገች፤ ያገኘችው አመድ ብቻ ነው። መዳፏን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። ታጥቧል። ክዳኑን ከፍታ በረጅሙ አሸተተች። ጨው ያጣ ወጥ ጥሬ ጣፋጭነት ይሸታል፤ ሌላ ቀን ቢሆን ከበር ላይ ሆና ታውቀው ነበር። ግን ከድስት ጋር የዋለ አፍንጫ ከቀትር በኋላ ባለቤቱን መዋሸት ይጀምራል። የሸተታት ነገር ቢኖር የራሷ ቀሚስ ነው።

አንድ ጠብታ ምላሷ ላይ ብታደርግ ጉዳዩ ያልቃል። ማማሰያውን አነሳች። የጾሙን ሁሉ ርዝመት አሰበችና መልሳ አስቀመጠችው።

ድሮ ለዚህ ቀን ኤቢሴ ነበረችላት። ኤቢሴ ከጓሮው ግድግዳ ማዶ የምትኖር ጎረቤቷ ነበረች፤ ጴንጤ ስለሆነች የሁዳዴን ጾም አትጾምም። የሁለቱ ማድ ቤቶች የሚለያዩት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ላይ በወገብ ቁመት የድሮ ጭስ ማውጫ የነበረ ቀዳዳ አለ፤ በፀዳለ በኩል በዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ይከደናል። በየዓመቱ በዚህ ቀን ፀዳለ ከወጡ ትንሽ በሰሃን ጨልፋ ቀዳዳው ውስጥ ታኖራለች፤ ኤቢሴ ከማዶ ስባ ትቀምሳለች። ንግግር የለም። በዚያን ጊዜ የፀዳለ አማት በሕይወት ነበሩ፤ ዳዊታቸውን ይዘው ማድ ቤቱ በር ላይ ይቀመጣሉ። የፋሲካ ወጥ ከቅዳሴ በፊት በማይጾም ሰው አፍ መግባቱን ቢያውቁ ድስቱን ለውሻ ያስደፉት ነበር። ስለዚህ ኤቢሴ ግድግዳውን በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች። አንድ ጊዜ ከሆነ ጎድሏል። ሁለት ጊዜ ከሆነ ልክ ነው፣ አውርጂው። አማቷ ካረፉ በኋላም ሁለቱ ሴቶች ይህን አልተዉትም።

«ፀዲዬ፣ አንቺ ትጾሚያለሽ፣ እኔ እቀምሳለሁ» ትላት ነበር ኤቢሴ በማግስቱ በአጥር ላይ፣ ከንፈሯን እየጠረገች። «በሰማይ ቤት ዋጋውን ማን እንደሚወስደው እናያለን።»

ኤቢሴ ባለፈው ክረምት ሞተች። ባሏ ቀጄላ ቤቱን ቆልፎ አምቦ ልጁ ዘንድ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከግድግዳው ማዶ የጭስ ሽታም የሰው ድምፅም መጥቶ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ፀዳለ ታውቃለች። ሆኖም ራሷን ያገኘችው ሰሃን ይዛ ነው። ጨልፋለች፤ ቆርቆሮውን አንስታለች፤ ሰሃኑን ቀዳዳው ውስጥ አኑራለች፤ ቆርቆሮውን መልሳለች። ያደረገችው የገባት ከጨረሰች በኋላ ነበር። ፊቷ ጋለ። ሳምሪ ይህን ብታይ ሌላ ፈተና ባላስፈለጋት ነበር። ሰሃኑን ልታወጣ እጇን ዘረጋች።

ግድግዳው ተንኳኳ። አንድ ጊዜ።

እጇ አየር ላይ ቀረ። አይጥ ይቧጭራል፤ እንጨት ይሰነጠቃል፤ ጭቃ ይረግፋል። ይህ የእነዚህ ድምፅ አልነበረም። አጭርና ዝግ ያለ፣ አጥንት ጭቃ ሲነካ የሚያወጣው ድምፅ ነው፤ የመጣውም ከቀዳዳው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሁልጊዜ ይመጣበት ከነበረው ቦታ ነው። ቆርቆሮውን አነሳች። ሰሃኑ እንዳለ ነው። ወጡ ግን በዚያች አፍታ ቀዝቅዞ ቅባቱ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ አውጥቷል፤ ቆዳው አልተቀደደም። ከበስተኋላው ጨለማ ነው። ከጨለማው የሚመጣው አየር ፊቷን ሲነካት ቀዝቃዛ ነበር፤ የማድ ቤት አየር አይመስልም።

ቆርቆሮውን መልሳ፣ ነጠላዋን ደርባ በበሩ ወጣች፤ በአጥሩ ዞራ የቀጄላ በር ላይ ደረሰች። ቁልፉ ዝጓል። በቆርቆሮው ስንጥቅ አየች። ትናንት ማታ የዘነበው ዝናብ ግቢውን አለስልሶታል፤ ጭቃው ላይ ከወፍ እግር በቀር የማንም ዱካ የለም። ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሣር በቅሏል፤ ሣሩም አልተረገጠም። ከኋላዋ አንድ መንገደኛ እንኳን አደረሰዎት አላት። ደነገጠች፤ ግን አጸፋውን መለሰችለት።

ተመልሳ ድስቱ ፊት ቆመች። በጥቅምት ምስሩ የከሰለባት ሴት በሚያዝያ ግድግዳ ሲያንኳኳ ሰማሁ ካለች፣ ሳምሪ ዕቃ መጫኛ መኪና ዛሬውኑ ትጠራለች። ስለዚህ ለማንም አይነገርም። ይህ ተወሰነ። የቀረው ጨው ነው። የሰማችው የባዶ ሆድ ድምፅ ከሆነና ጨው ቀድሞ ገብቶ ከሆነ፣ አሁን ስትደግመው ወጡም ቤቱም አብረው ይሄዳሉ። የሰማችው ሌላ ነገር ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ጎድሏል ብሏል። ኤቢሴ በነዚያ ሁሉ ዓመታት ወጥ ላይ አንድም ቀን አልተሳሳተችም።

ስኒውን አነሳች። ለካች። ጨመረች። እስኪሟሟ ድረስ ከሥር ወደ ላይ እየገለበጠች አማሰለችው፤ ከዚያ ስኒውን ከሌላው ዕቃ ለይታ መስኮቱ ላይ ደፋችው። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ለሁለተኛ ጊዜ ሰሃን አላስቀመጠችም። አረፋው ይፈነዳል፤ ከሰሉ ይንጣጣል።

ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

ፀዳለ ተነሳች፤ ቅቤውን ጨመረች፤ ጎን ጎናቸውን በቢላ የተተለተሉትን እንቁላሎች አገባች፤ መዓዛ የሚሰጠውን መከለሻ ነሰነሰች፤ ድስቱን አወረደች። መከለሻ ካገባች በኋላ ወጥ እሳት ላይ አታቆይም፤ ሽታው ከቤቱ አልፎ ለመንገደኛ ይቀራል።

ሳምሪ ስትደርስ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር። ከጦር ኃይሎች ጀምሮ ዶሮ ካንጠለጠለ ሰው ጋር ስትጋፋ እንደመጣች፣ አንዱ ዶሮ ቦርሳዋን እንደነከሰ ነገረቻት። እናቷን አገላብጣ ሳመቻት።

«እማዬ፣ ቄጤማው ያምርብሻል። ሙሽራ መስለሻል።»

«ሙሽራ ሽንኩርት አትሸትም» አለች ፀዳለ።

ማድ ቤት ገቡ። ሳምሪ ግድግዳው ሥር በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ እያወራች ዓይኗ ግን ይዞራል። ከሰሉን አየች። የጨዉንና የስኳሩን ዕቃ አየች። መስኮቱ ላይ ለብቻው የተደፋውን ስኒ አየችና አለፈችው። ፀዳለ በትንሽ ሰሃን አቀረበችላት። ሳምሪ ወሬዋን አቆመች። ቆረሰች፤ አጠቀሰች፤ አኘከች። ስታኝክ ወደ መሬት ነበር የምታየው። ፀዳለ የልጇን አገጭ እያየች ቆመች፤ ያ አገጭ ጡት ሲጠባ ያየችው አገጭ ነው፤ አሁን ግን ዳኛ ነው።

«ልክ ነው» አለች ሳምሪ በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ቀና ስትል ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ የበርበሬው ይሁን የሌላ አይታወቅም። «ጨዉም፣ ሁሉም ነገር። እኔ እንጃ፣ ከድሮውም በለጠ። ያልኩሽን ሁሉ ተይው እማዬ። እዚሁ ቤትሽ ሁኚ።»

ፀዳለ ደረቷ ውስጥ ለወራት ታስሮ የነበረ ነገር ሲፈታ ተሰማት።

ግድግዳው ተንኳኳ። አንድ ጊዜ።

ሁለተኛው ጉርሻ ወደ ሳምሪ አፍ መንገድ ላይ ነበር፤ እዚያው ቆመ። የወጡ ቅባት በጣቷ ላይ ወርዶ አንጓዋ ጋ ደረሰ፤ አልጠረገችውም። ወደ ግድግዳው አልዞረችም። ሰው ድምፅ ሲሰማ ይዞራል፤ እሷ ግን አንገቷን እንደማይዞር ነገር ይዛ ሰሃኑን ታያለች።

«ሰማሽ?» አለች ፀዳለ።

«ምኑን?» ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለሰችው። «ምንም አልሰማሁም።»

ጉርሻውን ሰሃኑ ላይ መለሰችው። ከዚያም ሳትነሳ፣ ስለ ሌላ ነገር እያወራች፣ በርጩማውን በእግሯ እየገፋች ከግድግዳው አራቀችው። እስከ በሩ ድረስ።

እዚህ አድራ ሌሊቱን አብረው ሊያስቀድሱ ነበር የተስማሙት። አሁን ግን ልጆቹ ብቻቸውን እንደሆኑ፣ ባሏም ሥራ እንደሚያመሽ ትዝ አላት። ነገ በጧት ሁላቸውንም ይዛ ትመጣለች። ፀዳለ አልለመነቻትም። እስከ ውጪው በር ሸኘቻት። ሳምሪ ከሳመቻት በኋላ እጇን ይዛ ቆየች፤ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። ፀዳለ ጠበቀች። ሰምቻለሁ ብትል፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት እዚሁ ሁኚ ብላ የሰጠችውን ቃል መልሳ ልትወስድ ነው፤ አልሰማሁም ብላ ከሄደች ደግሞ እናቷን ከዚያ ግድግዳ ጋር ትታት ልትሄድ ነው። ልጅቷም ይህን የምታውቅ ይመስል ፊቷ ገርጥቷል።

«በሩን ቆልፊ፣ እሺ?» አለቻት።

ዳገቱን ስትወጣ ከወትሮው ፈጠን ብላ ነበር የምትራመደው። አንዴም ወደ ኋላ አላየችም።

ፀዳለ ቆለፈች። ከወንዙ በኩል የነበረው የመጨረሻው አውራ ዶሮም ዝም ብሏል። ማድ ቤቱ ውስጥ የከሰዓቱ ፀሐይ በበሩ ገብቶ ግማሹን ግድግዳ አብርቶታል። ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ሰሃን አውጥታ ሳፋው ውስጥ አኖረችው፤ ቆርቆሮውን መለሰች። ምድጃው ላይ አመድ አለበሰች። ሥራ አልነበረም። ወጡ አልቋል፤ ቤቱ የእሷ ነው።

ተንኳኳ። አንድ ጊዜ።

ከመጀመሪያው ጀምራ በሐሳቧ ቆጠረችው። ሽንኩርቱ በሚገባ ቀልጧል። በርበሬው በስሏል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ሥጋው፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ መከለሻው። ጨዉ ልክ መሆኑን የቀመሰ ሰው መስክሯል። ከወጡ የጎደለ ነገር የለም። ድስቱን ከፍታ አየችው፤ ቅባቱ ላዩ ላይ ጠርቶ ተኝቷል፤ ሊሆን የሚገባውን ሆኗል። ደግሞ ተንኳኳ። አንድ ጊዜ። ጎድሏል። ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።

በዚያ ግድግዳ ስንት ፋሲካ ተነጋግረዋል፤ በአፍ ግን አንዲት ቃል አልፋበት አታውቅም። ፀዳለ ጠጋ አለች። ቄጤማውን ከግንባሯ ፈታ በእጇ ያዘችው።

«ምን ልጨምርልሽ?» አለች።

ማንኳኳቱ ቆመ። መዳፏን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈች፤ በምድጃው ሙቀት ለብ ብሏል። ቀስ በቀስ ግን ለብታው ከመሃሉ ጀምሮ ሲጠፋ ተሰማት፤ ቆርቆሮውም ከውስጥ በኩል፣ ልክ በመዳፏ ትይዩ፣ የሆነ ነገር እንደተደገፈበት ሁሉ በትንሹ ወደ እሷ ገፋ አለ። እጇን አላነሳችም።